ጥያቄ አታስተምሪያት

መስከረም 14

ለወንድሜና ለቤቱ ሰው ሁሉ፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ወገቤን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ በዝቶበታል። ማዶ ያለው ሆቴል አንሶላውን በሙሉ ለእኔ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ካውያው ሳይበርድ ይመሻል። አምላክ ጤናችሁን ይጠብቅ፤ ቤታችሁን አያጉድለው።

ወንድሜ፣ ዓይንህ ከደከመ ጀምሮ ደብዳቤዬን የምታነብልህ ትልቋ ልጅህ እንደሆነች አውቃለሁ። ሰዓት ስትጠግንበት ከኖርከው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምጿን አስተካክላ ስታነብልህ ይታየኛል። ስለዚህ አንቺ አንባቢዋ፣ ጉሮሮሽን ጥረጊና አንድም ቃል ሳትዘይ አንብቢ፤ የሚቀጥለው ስላንቺ ነው።

ትልቋን አመጣታለሁ ያልኩህን ትቼዋለሁ። ልጅህ ምላሰ ረጅም ናት። ገና እግሯ ሳይነሳ “የምማርበት ትምህርት ቤት ስሙ ማን ይባላል? የምማረው ቀን ነው ማታ? የማድረውስ የት ነው?” እያለች እንደ ፖሊስ መረመረችኝ። እኔ እዚህ መርማሪ አልቸገረኝም። በእሷ ቦታ ታናሿን ሚጣን ላክልኝ። ሚጣ ገር ናት፤ ሲሏት ትሰማለች። ወረቀቱን በእሷ ስም አዙሬ ጀምሬዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። የምትመጣው በተማሪነት ስለሆነ ኤምባሲ ቀርባ በእንግሊዝኛ ትጠየቃለች። መሠረታዊ ሰዋስውና ጥቂት ዘይቤ ይበቃታል። አስተማሪ እንደሆነ ትልቋ ቤትህ ውስጥ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች።

የምትወድህ እህትህ


ጥቅምት 2

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎት። ወገብዎ እንዲሻልዎት አባባ ጸልዮአል፤ እኔ ገና እያሰብኩበት ነው።

ደብዳቤዎን ሳልዘል አነበብኩ። “ምላሰ ረጅም” የሚለው ላይ ስደርስ አባባ “ምን አለች?” ስላለኝ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊም ሳትሰማ አልቀረችም፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆሞ ነበር። ሰውን በገዛ አፉ ማሰደብ ጥሩ ዘዴ ነው። ከዚህ ሁሉ ርቀት ሆነው እኔን በእኔው ድምፅ መስደብ መቻልዎ ያስመሰግንዎታል።

“ሥራ ፈታ” የሚለውንም አንብቤዋለሁ። ማን እንዳስፈታኝ አባባ ረስቶት እንደሆነ ብዬ፣ የሰኔውን ደብዳቤዎን አወጣሁና አስከትዬ አነበብኩለት፤ “ወረቀቱ አልቋል፤ ሥራሽን ልቀቂ፤ በመሰነባበት ጊዜ አታባክኚ” ይላል። እኔም አላባከንኩም። አሁን በእኔ ክፍል፣ በእኔ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው የርዕሰ መምህሩ አማች ነው። ሰሞኑን በመስኮት አየሁት። የለጠፍኩትን የግሶች ሰንጠረዥ ገልብጦ በጀርባው የጽዳት ተራ ጽፎበታል።

ሚጣን አላስተምርም የምል መስሎዎት ከሆነ ግን ተሳስተዋል። በአባባ ጠረጴዛ ላይ ከሚጠግናቸው ሰዓቶች መሃል ቦታ ጠርገን ጀምረናል። ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ። “እኔ ሥራዬን ለቀቅኩ” በሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ማነው ስላት፣ “አንቺ ነሽ” አለችኝ። ሰዋስው እንዲህ ነው፤ የገፋውን ሰው አያውቀውም።

ሚጣ እንደሚሏት ገር ናት። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የምትሄድበትን ማወቅ ትፈልጋለች። የትምህርት ቤቱን ስም ይጻፉልን።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 20

ለወንድሜ፤

ሰላምህ ይብዛልኝ። መልሴ የዘገየው የእንፋሎት ማሽኑ ተበላሽቶ ነው። ጠጋኙ መጥቶ እስኪያየው ድረስ የሆቴሉን አንሶላ በእጄ ስተኩስ ሰነበትኩ። የሚጣን ፎቶግራፍ ላክልኝ፤ ቁመቷንም ጻፍልኝ። የመደርደሪያው ላይኛው ክፍል ለእኔ ሩቅ ነው።

አሁን ወደ መምህርቷ። የሚጣን ልምምድ እየላክሽልኝ እኔ ላርመው። ብዙ አታሸክሚያት። የአሁን ጊዜ ይበቃታል፤ ያለፈ ጊዜ ምን ያደርግላታል? ሲያዟት ትረዳ፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ እጠፊ፣ ጠብቂ። ኮሌታ፣ እድፍ፣ አንሶላ፣ እንፋሎት የሚሉትን ቃላት ጨምሪላት። ጥያቄ አታስተምሪያት። ኤምባሲ የምትቀርበው ልትመልስ ነው እንጂ ልትጠይቅ አይደለም።

ዘይቤ ግን ትወቅ። እዚያ ያለችው ጠያቂ ተማሪ ነኝ ባይን ከተማሪ የምትለየው በዘይቤ ነው። የአምናዋን ልጅ “ልቤ ከበደኝ ማለት ምን ማለት ነው?” ብትላት፣ “ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ” ብላ ሁሉን ነገር ልታበላሽብኝ ነበር። ሴትዮዋ ሳቀችና አለፈች እንጂ።

ደግሞ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ እያልሽ አታካብጂብኝ። እኔ እዚህ የወረድኩት “እሺ” የሚል አንድ ቃል ይዤ ነው። በእሷ ነው ይኸን ቤት የከፈትኩት።

እህትህ


ታኅሣሥ 6

ለአክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ አለን። ማሽንዎ እንደተጠገነ ተስፋ አደርጋለሁ። ሚጣ ማሽን እንዳልሆነች ግን አስታውስዎታለሁ።

ፎቶግራፍዋ ከዚህ ጋር አለ። ቁመቷን አልጻፍኩም፤ ደርሳ ካላዩዋት አያምኑም ብዬ ነው።

“የአምናዋ ልጅ” ማን ናት? ይኸን መስመር ሳነብ አባባ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጠ። ከእኛ በፊት ሌላ ሰው እንዳስመጡ አልነገሩንም። የማን ልጅ ናት? አሁን የት ናት? ያስመጧት ትምህርት ልትማር ከሆነ ምን ተማረች?

በትእዛዝዎ መሠረት አምጪ፣ ውሰጂ፣ እጠፊ የሚለውን አስተምሬአታለሁ፤ በዚያው ዕለት ግን “አልፈልግም” የሚለውንም አስከተልኩላት። ጥያቄንም አስተምሬአታለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ያስተማርኳት እሱን ነው። አሁን በየደቂቃው የምትጠይቀኝ እኔን ስለሆነ የራሴን ቅጣት እየተቀበልኩ ነው። እንዲያርሙት የዘይቤ ልምምዷን ልኬአለሁ። እርስዎ እንደሚያዩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ለአባባ ግን ወደ አማርኛ መልሼ አንብቤለታለሁ፤

በተነጻጻሪ፦ የአክስቴ ሰላምታ ከብርድ ልብስ ውጭ እንዳደረ እግር ቀዝቃዛ ነው።

በሰውኛ፦ ካውያው ሲናደድ ይተነፍሳል፤ አክስቴ ስትናደድ ትጽፋለች።

በግነት፦ አክስቴ የትምህርት ቤቱን ስም እስክትጽፍልኝ ጥርሴ ረግፎ እንደገና ይበቅላል።

በተለዋጭ፦ እኔ ሻንጣ ነኝ።

የፊተኞቹን ሦስቱን አብረን ነው የሠራናቸው፤ መደበቅ አያስፈልገኝም። የመጨረሻዋን ግን ብቻዋን ጻፈች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ደብተሯን ዘጋች። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። ሰው እያሉ እየጠሩ ዕቃ የሚያስጭኑ እርስዎ ነዎት።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 3

ለወንድሜ፤

በሰላም መክረምህን እመኛለሁ። ልጅህ የጻፈችውን ሳነብ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ አቃጠልኩ። እኔ ምን በድያችኋለሁ? የአንተን የዓይን ሐኪም ገንዘብ ማን ላከ? የቤቱን ጣሪያ ማን አስቀየረ? ስልክ ብደውል የማሽኑ ጩኸት አያሰማኝም፣ ስለዚህ ቆሜ ውዬ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፤ ምላሹ ስድብ ነው። የሚጣ ኤምባሲ ቀጠሮ ለመጋቢት አጋማሽ ተይዟል። ትመጣለች ወይስ አትመጣም? በእናቷ ወገን ሌላ ልጅ ለመላክ የሚለምኑኝ አሉ።

ልምምዱን በቀይ አርሜ መልሻለሁ። ሦስቱ ላይ ስህተት አለ። አራተኛው ትክክል ነው፤ ምልክት አድርጌበታለሁ።

እዚህ ላይ ለአንተ የምጽፈው አበቃ። ሁለተኛው ገጽ የአንባቢዋ ነው። አንቺ፣ እሱን ለአባትሽ አታንብቢለት።


እንግዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ስሚኝ፤ አንቺ የምትጠቅሚ ሰው መሆንሽን አውቃለሁ። ስለአምናዋ ልጅ ጠይቀሻል፣ እነግርሻለሁ። የባሌ ዘመድ ልጅ ነበረች። ከኋላ ባለው ክፍል፣ ከልብስ ከረጢቶቹ ጋር ታድር ነበር፤ ሞቃት ክፍል ነው፤ ክፉ ክፍል አይደለም። ምንም አልጎደለባትም። ከደንበኞች ጋር ማውራት ስትለማመድ ነው የተበላሸችው። አንድ ቀን መስኮቱ ጋ ቆማ አንዷን ሴትዮ “እዚህ አገር ሠራተኛ በሳምንት ስንት ቀን ያርፋል?” ብላ ስትጠይቃት በጆሮዬ ሰማሁ። በነጋታው ካውያውን እንደጋለ ትታው ወጣች፤ አልተመለሰችም። ጥያቄ አታስተምሪያት ያልኩሽ ለዚህ ነው። እኔን ማን አሳረፈኝ? የመጀመሪያውን ክረምት እጄ ተሰንጥቆ፣ ደሙ አንሶላ እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የሠራሁት።

ሚጣን እንዳልኩሽ አድርገሽ አዘጋጂልኝ፤ ስለዚያችም ልጅ ምንም አትንገሪያት። ለከርሞ አንቺን አስመጣሻለሁ። ካውያ አትነኪም፤ ፊት ለፊት ቁጭ ብለሽ ደንበኛ ትቀበያለሽ፤ ማታ ማታ እውነተኛ ትምህርት ቤት ትማሪያለሽ። ስሙንም ያን ጊዜ እጽፍልሻለሁ። አንቺ ብልጥ ነሽ፤ የሚበጅሽን ታውቂያለሽ።

አክስትሽ


የካቲት 21

ለአክስቴ፤

ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩት። ለአባባ፣ ለሚጣ፣ በሩንም ከፍቼ ለልብስ ሰፊዋ።

አልዋሽዎትም፤ መጀመሪያ ብቻዬን አንብቤው ነበር፤ ደግሜም አነበብኩት። “እውነተኛ ትምህርት ቤት” የሚለው ላይ ስደርስ ደስ ብሎኛል። ልክ የት ላይ እንደሚያሳክከኝ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ሌላውን አስተዋልኩ። አንዱ እውነተኛ ከሆነ የሚጣው ምንድን ነው? እርስዎ ራስዎ ጻፉልኝ እንጂ እኔ አላልኩም። ያኔ ተነስቼ ሁለቱን ጠራኋቸው።

አንብቤ ስጨርስ አባባ፣ “የቀረ አለ?” አለኝ።

“አልቋል።”

“ልጅቷ የት ደረሰች?”

“እሱን አልጻፉም።”

“ለእህቴ ጻፊላት። የደከመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው በያት። ደግመሽ እንዳትደብቂኝ በያት። ልጅቷንም ትፈልጋት።” ይኸው ጻፍኩልዎ።

እዚህ ላይ ድል አድርጌ የምዘጋው መስሎኝ ነበር። ወደ ሚጣ ዞሬ፣ “ሰማሽ? ሻንጣ ነኝ ያልሽው ለዚህ ነው፤ እንዲያውም ትክክል ብላልሻለች!” አልኳት።

ሚጣ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። “ለእሷ ብቻ የጻፍኩት መሰለሽ?” አለች። “እሷ ወደዚያ ትጎትተኛለች፣ አንቺ ወደዚህ ትጎትቺኛለሽ! ስለእግርና ስለብርድ ልብስ ያልሽው የማን ሐሳብ ነው? እኔ አክስቴን አይቻት አላውቅም። ሁለታችሁም የምትሰዳደቡት በእኔ ደብተር ላይ ነው።”

“ላድንሽ ብዬ ነው” አልኳት።

“አድኚኝ አላልኩሽም፤ አስተምሪኝ ነው ያልኩሽ።”

አባባ ሳቀ። በዚህ መሃል ሳቅ ምን አመጣው ብዬ ተናደድኩበት። እስካሁንም አልበረደልኝም፤ በእርስዎም፣ በእሷም፣ ትንሽ ደግሞ በእሱ። ልክ ናት ብዬ እንድጽፍልዎ አይጠብቁ። ልክ ብትሆንም መንገዱን የጀመርነው እርስዎ “ላክልኝ” ብለው ነው።

ሚጣ ያለችውን እነሆ። ኤምባሲ ትቀርባለች። ብቻዋን ትገባለች። ምን እንደምትል እርስዎም አያዟትም፣ እኔም አላስጠናትም። ደብተሯን ትራሷ ስር አድርጋ ነው የምትተኛው። ስለዚህ ልትመጣልዎ ነው ወይስ ልትቀር፣ እኔም እንደ እርስዎ አላውቅም። እንዲህ ከእርስዎ ጋር አንድ ሆኜ መቀመጤ ያበግነኛል።

ለእኔ ያቀረቡትን ግብዣ በተመለከተ፦ አልፈልግም።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 7

ለወንድሜ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሚጣ ቀጠሮዋን እንደምታከብር በማንበቤ ደስ ብሎኛል። አየሽ አንባቢዋ፣ ይኸ ሁሉ ጩኸት ከንቱ ነው፤ ልጅቷ መሄድ ትፈልጋለች። ማን ይጠላል? የኋላውን ክፍል አጽድቼ አልጋ አስገብቻለሁ፤ ከረጢቶቹን ወደ መተላለፊያው አውጥቻለሁ። መስኮት የለውም እንጂ መብራቱ ጥሩ ነው። ትኅትና ያላት ልጅ የትም አትወድቅም። ምላስሽን ሰብስበሽ ሸኚያት።

የዚያችን ልጅ ወሬ ተዉልኝ። ትልቅ ሰው ናት።

እህትህ


መጋቢት 24

ለአክስቴ፤

ሰላም ይሁንልዎ። ይኸን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ካውያውን ያጥፉት፤ ባለፈው ሸሚዝ አቃጥለዋል።

ሚጣ ኤምባሲ ቀርባለች። እኔ ከብረት አጥሩ ውጭ፣ እንደኔው ሰው ከሚጠብቁት ጋር ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ቦርሳዋን እየከፈተች ትዘጋለች፤ አንድ ሰውዬ ለማናችንም ሳይሆን “አሁን ይጠይቋታል፣ አሁን ይጠይቋታል” ይላል። እኔም ለሕግ የማይታዘዙትን የእንግሊዝኛ ግሶች በሆዴ እቆጥር ነበር፤ ስጨነቅ ልማዴ ነው። ሚጣ ወጣች።

“እህስ?” አልኳት።

“ከለከለችኝ።”

“ለምን? ምን አልሻት?”

“የጠየቀችኝን።”

በልመና ነው የነገረችኝ፤ እየሄድን፣ ፊት ፊት እየቀደመችኝ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሰዋስው ጠየቀቻት፤ መለሰች። ዘይቤ ጠየቀቻት፤ መለሰች። ቀጥላ “የት ነው የምትማሪው?” አለቻት። ሚጣ በንጹሕ እንግሊዝኛ፣ “ትምህርት ቤት የለም። የአክስቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው ያለው” አለቻት። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች። “ታዲያ ለምን መጣሽ?” ብትላት፣ “እውነቱን ብናገር ምን እንደሚሉኝ ለማየት” አለቻት። ሴትዮዋም፣ “እንግዲያው ልነግርሽ ነው” ብላ በእርስዎ ወረቀት ላይ የክልከላውን ማኅተም መታችበት። ከዚያ እውነተኛ ትምህርት ቤት የተቀበላት እንደሆነ በራሱ ደብዳቤ ተመልሳ እንድትመጣ ነግራ ሸኘቻት። በእርስዎ ስም የሚመጣ የተማሪ ወረቀት ከእንግዲህ በደንብ እንደሚታይም ጨምራለች፤ ከእናት ወገን ሊያስመጡ ያሰቧትን የሌላዋንም ልጅ ነገር ቢያስቡበት ይሻላል።

ሚጣ አሁን ለሁለት ትምህርት ቤቶች እየጻፈች ነው። እኔ ስጠጋ ወረቀቱን በክንዷ ትጋርዳለች። ያስተማርኳትን እጅ ጽሑፍ ከእኔው ትደብቃለች። ቢቀበሏት ትሄዳለች፤ እኔ እቀራለሁ። ይኸም ያናድደኛል፤ ለእርስዎ ግን ደስታ እንዲሆንዎ አልፈቅድም። እኔም አልተቀመጥኩም። የልብስ ሰፊዋ ሁለት ልጆች ማታ ማታ ይመጣሉ፤ ሌሎችም ጀምረዋል፤ የአባባ ጠረጴዛ አልበቃ ብሎን በሩን ነቅለን በሁለት በርሜል ላይ አጋድመነዋል። ነፋስ ይገባል፤ ማንም አይቀርም።

አባባ፣ “እህቴ አንድ ቀን እንኳ ማሽኑን አጥፍታ ትተኛ በያት” ብሎኛል። የእሱ ነው፤ የእኔ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍልዎ አልዘጋም። ሴትዮዋ ሚጣን “አክስትሽ ምን ዓይነት ሰው ናት?” ብላት ነበር። ይኸን ስትነግረኝ መንገድ ላይ ቆምኩ። ለዚህ ጥያቄ ስንቱን አዘጋጅቼ ነበር! የሚቀዘቅዘውን፣ የሚተነፍሰውን፣ ጥርስ የሚያረግፈውን። “ምን አልሽ?” አልኳት።

“‘ደክማለች፤ ሠራተኛ ያስፈልጋታል። እኔ ግን መማር ነው የምፈልገው’ አልኳት።”

“ይኸው ነው? አንድ ዘይቤ እንኳ የለውም?”

“ያንቺን ዘይቤ ለራስሽ ደብዳቤ አስቀምጪው” አለችኝና መንገዱን ተሻገረች።

አስቀምጬዋለሁ፣ አክስቴ። እርስዎ እስካሉልኝ ድረስ አያልቅብኝም።

የወንድምዎ ትልቋ ልጅ